ከሰመራ የመጡ ሁለት በርሜሎች

አዋሽ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለከማሉዲን፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሃል? ሙቀቱስ እንዴት አድርጎሃል? እኔና ልጄ ሀምዳ፣ ለአሏህ ምስጋና ይግባውና፣ አለን። የጦሩ መኪና ጠጋኝ ሆነህ ወደ ሰመራ ከሄድክ አራት ወር ሞላህ፤ አንድ መስመር እንኳ አልጻፍክልኝም። ደግነቱ ይገዙ የሚባለው የካሚዮን ሹፌር ሻይ ቤቴ ቁርስ ሲበላ "ከማሉዲንን አውቀዋለሁ፤ ጠቆረ እንጂ ደህና ነው" ብሎ አረጋጋኝ። ይህንንም በእሱ እጅ ልኬዋለሁ። አንተም በፖስታ እንዳትልክ፤ እዚህ የሰው ደብዳቤ ይከፈታል።

አዋሽን ብታያት አታውቃትም። የጅቡቲው ባቡር ከቆመ ወዲህ ጣቢያው ወታደር በወታደር ሆኗል። ቧንቧውን ጦሩ ይዞታል፤ ለእኛ የሚደርሰን እነሱ ከጠገቡ በኋላ፣ በሁለት ሳምንት አንድ ቀን ቢሆን ነው። በቀረው ቀን ከገደሉ ሥር፣ ከወንዙ፣ በአህያ እናስወጣለን። ወንዝ ብዬ ልጥራው እንጂ! ከላይ የነዳጅ ቦቴ እያጠቡ እጣቢውን ወደ ገደሉ ይለቁታል። ዘይቱ ውሃው ላይ ተኝቶ ያብረቀርቃል። ትናንት ዘይቱን በእጄ ገፋ ገፋ አድርጌ ስቀዳ፣ ደምና መግል የደረቀበት ፋሻ ጣቴ ላይ ተጠመጠመ።  ጀሪካኑን ጥዬ አስመለስኩ። ከዚያ ጀሪካኑን አነሳሁና ትንሽ ራቅ ብዬ ቀዳሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ገንዘብ ላክ አልልህም። ሹፌሮቹ ሰመራ ላይ ባዶ በርሜል እንደ ድንጋይ ተጥሏል ይላሉ። ሁለት ብትልክልኝ፣ ቧንቧው በተከፈተ ቀን ሞልቼ አስቀምጥና ከዚያ ወንዝ እገላገላለሁ። ለአረፋ ቢደርስልኝ ደግሞ ዱዓዬ ይበዛልሃል።

እህትህ ኡምሰልማ

ሰመራ፣ ኅዳር 3 ቀን 1970 ዓ.ም.

እንደ እናት ላሳደገችኝ ለእትዬ ኡምሰልማ፣

ወዓለይኪ ሰላም ወረሕመቱላሂ። የእጅሽን ጽሑፍ ሳይ ዓይኔ በራ። ሀምዳን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ። አለመጻፌ ከጥጋብ አይደለም፤ የሚጻፍ ጠፍቶኝ ነው።

ሰመራ ስልሽ ከተማ እንዳይመስልሽ። ከሎጊያ አለፍ ብሎ ያለ ሜዳ ነው፤ ጥቁር ድንጋይ፣ ድንኳንና የተቃጠለ መኪና። ከአሰብ የሚመጣው የመኪና ኮንቮይ እዚህ ያድራል፣ እኛ እንጠግናለን። የባትሪውን አሲድ፣ የሞተሩን የተቃጠለ ዘይት፣ የወጥ ቤቱን እጣቢ፣ ከቁስለኛ የተቆረጠውን ጨርቅ፣ ሁሉንም ወደ ደረቁ ወንዝ ይደፉታል። የአፋሮቹ ፍየል ዝናብ ሲጥል የሚጠጣው ከዚያው ነው። ያዮ የሚባል ሽማግሌ አለ፣ ወተት ያመጣልናል። አንድ ቀን አፍንጫውን በሽርጡ ይዞ "እናንተ ስትሄዱ እኛ እዚህ ነን" አለኝ። ወተቱን ተቀበልኩት።

ዝንቡን አታንሺው። ወጥ ስትበዪ ዝንቡን ለቅመሽ ነው። በየሳምንቱ መድኃኒት ይረጩለታል፤ ይረግፋል፣ በማግስቱ ሌላው ይመጣል።

ሁለቱን በርሜል አዛዣችንን ሻምበሉን ለምኜ አግኝቻለሁ። ለሹፌሮቹ ነው የሚሸጣቸው፤ ለእኔ ግን ጂፑን ስለሠራሁለት በነጻ ሰጠኝ። በአሸዋና በሽቦ ብሩሽ ፍትግ አድርጌ አንጽቼልሻለሁ። ይገዙ ያደርስልሻል። አረፋን በደስታ አውዪ።

ወንድምሽ ከማሉዲን

አዋሽ፣ ኅዳር 25 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለከማሉዲን፣

አሰላሙ ዓለይኩም። አሏህ እጅህን ይባርክ። በርሜሎቹ ለአረፋ ዋዜማ ደረሱ። ሠፈሩ ሁሉ መጥቶ እየደባበሰ አየልኝ፤ ሙሽራ የገባልኝ ነው የሚመስለው።

አንዱን እኔ አስቀረሁ። አንዱን ለጎረቤቴ ለታንጉት ሰጠኋት። ታንጉትን ታውቃታለህ፣ የሐዲድ ሠራተኛው ሚስት፣ ያቺ ሳቂታዋ። ባሏን ድልድይ ሊጠግን ወደ ድሬዳዋ መስመር ወስደውታል። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ገደሉን መውረድ አትችልም፣ እናቷ ወይዘሮ ባይሽም ጉልበት የላቸውም። የኔን ሞልቼዋለሁ፣ የሷ ግን ገና ነው፤ ቧንቧው ሲከፈት ተራ ይዛለች።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ውሃው ትንሽ ይሸታል፤ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል። ሦስት ጊዜ ባጥበውም አልለቀቀም። እኔና ሻይ ቤቱ የወንዙን እያፈላን ስለሆነ ከእሱ የምትጠጣው ሀምዳ ብቻ ናት። ሀምዳ ደግሞ አራት ቀን ሆናት፣ ያስመልሳታል፣ ምራቋ እንደ ሕፃን ይዝረከረካል። የስድስት ዓመት ልጅ እንዲህ ስትሆን አይቼ አላውቅም። ወባ ይሆናል ብዬ ኪኒን ሰጥቻት ነበር፤ አልተሻላትም። በርሜሉ ውስጥ የነበረው ምንድን ነው? ዘይት ከሆነ በአመድ ልድገመው። ቶሎ ጻፍልኝ።

እህትህ ኡምሰልማ

ሰመራ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለእትዬ ኡምሰልማ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። የሀምዳን መታመም ሰምቼ አዘንኩ። አሏህ ያሽራት።

እዚህ ሥራው በዝቷል። ከአሰብ በአንድ ሌሊት ስልሳ መኪና ገባ። የያዮ ፍየሎች በበሽታ አለቁበት፤ ሽማግሌው አሳዝኖኛል።

ስለ በርሜሉ፣ ምናልባት ዝገት ይሆናል። ሆኖም ለመጠጥ ባታደርጊው ጥሩ ነው። የታንጉትም ለልብስ ማጠቢያ ቢሆን ይሻላል። እንዲያው ለጥንቃቄ ብዬ ነው።

ሌላ በርሜል አሁን የለም። ይገዙ ሊነሳ ስለሆነ አሳጠርኩት።

ከማሉዲን

አዋሽ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለከማሉዲን፣

ሰላም ላንተ ይሁን።

ታንጉት ሞተች።

ደብዳቤህ ታኅሣሥ 11 ደረሰኝ። "ለጥንቃቄ" ያልከውን ይዤ የሀምዳን ውሃ ቀየርኩ፤ ልጄ በሦስት ቀኗ ምራቋ ቆመ። ለታንጉትም ሄጄ ነገርኳት። "ከማሉዲን ለልብስ ይሻላል ይላል" አልኳት። ሳቀችብኝ። "ልብስ የማጥብበት ውሃ ካገኘሁማ ምን ቸገረኝ!" አለች። እኔስ ምን ብዬ ልከራከራት? "ለምን?" ብትለኝ ምክንያት አልጻፍክልኝም። ዝገት ነዋ ያልከኝ። ዝገት የጠጣ ሰው ይሞታል?

ታኅሣሥ 14 ቧንቧው ተከፈተ። ታንጉት ማጠቢያ ስለሌላት በርሜሏን ሳታጥብ ሞላች። ቀኑ የሚያቃጥል ነበር፣ ነፍሰ ጡር ደግሞ ይጠማታል። እስከ ማታ ጠጣች። ለእናቷ ስትሰጣቸው ወይዘሮ ባይሽ "ይሸተኛል" ብለው ተዉት። ንጋት ላይ ሲጠሩኝ ሮጥኩ። አረፋ ከአፏ ይወጣል። ላቧ ፍራሹን አልፎ መሬቱን አርሶታል። የክንዷ ሥጋ ከቆዳዋ ሥር ትል ያለበት ይመስል ለብቻው ይርገበገባል። ከላይም ከታችም አመለጣት፤ ያቺ ንጹሕ ሴት፣ ወንዶች ተሸክመዋት ሲሄዱ በእጇ ቀሚሷን ለመሸፈን ትታገል ነበር።

ጤና ረዳቱን አዲስአለምን ታውቀዋለህ። ዓይኗን በባትሪ አየና ጮኸብን።

"ምን ጠጣች?"

"ውሃ" አልኩት።

"ውሃ እንዲህ አያደርግም! ይሄ መርዝ ነው። ስሙን ካልነገራችሁኝ በምን ላክማት?"

"ውሃ ነው የኔ ልጅ፣ ውሃ ብቻ ነው" ይላሉ ወይዘሮ ባይሽ፣ እግሩን ይዘው።

ከቀትር በፊት ሞተች። ልጁ ሆዷ ውስጥ ከሷ በኋላ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። በእጄ ዳስሼዋለሁ። ከዚያ ቆመ።

አሁን አንድ ነገር ብቻ ጻፍልኝ። በርሜሉ ውስጥ የነበረው ምን ነበር?

ኡምሰልማ

አዋሽ፣ ጥር 18 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለከማሉዲን፣

ይገዙ ሦስት ጊዜ አለፈ፤ ሦስቱንም ጊዜ ባዶ እጁን። በሦስተኛው አንገቱን ደፍቶ ሻዩን ሲጠጣ ፊቱ ቆምኩ።

"ደብዳቤ የለም?" አልኩት።

"አልሰጠኝም፣ እትዬ።"

"የያዮ ፍየሎች በምን በሽታ ነው ያለቁት?"

ብርጭቆውን አስቀመጠ። "በርሜል ካጠቡበት ኩሬ ጠጥተው ነው" አለኝ። "በአንድ ጠዋት አሥራ አንድ ፍየል። እኔ ግን አልነገርኩሽም።"

ሰማህ? አንተ ይህን ታውቅ ነበር። "በበሽታ" ብለህ የጻፍክልኝ ጊዜ ታውቅ ነበር። ታንጉት ገና አልሞላችም ነበር። ስምንት ቀን ነበረን።

አሁንም በሠፈሩ ከሹፌሮች የተገዛ በርሜል አለ፤ እኔ ዘጠኝ ቆጥሬአለሁ። አዲስአለም የመርዙን ስም ካወቀ መርፌ አለ ይላል። ስሙን ስጠኝ። ደብዳቤህን ሳነብ እጄ ይሸተኛል፤ ታጥቤም ይሸተኛል። ዝምታህ ከወንዙ ፋሻ ይበልጥ አቅለሸለሸኝ።

ኡምሰልማ

ሰመራ፣ የካቲት 4 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለእትዬ ኡምሰልማ፣

ሰላምታ ለመጻፍ አፌን ሞልቼ አልደፈርኩም። አንብበሽ አቃጥዪው።

የዝንብ መርዝ ነበር። በየሳምንቱ የሚረጩት። እኔ ባዶውን በርሜል አየሁ እንጂ መርዙ ብረቱ ውስጥ ይቀራል ብዬ አላሰብኩም። እስከዚህ ድረስ አለማወቄ ነው፤ ከዚህ ወዲያ ያለው ግን ሌላ ነው።

በርሜሉ ላይ የሰው ራስ ቅል ሥዕል ነበረበት። ሥዕሉን በሽቦ ብሩሽ የፋቅኩት እኔ ነኝ። ያስደነግጣታል ብዬ። ስጦታዬ እንዲያምርልሽ ፈልጌ።

ያንቺ የኅዳር ደብዳቤ ሲደርሰኝ ፍየሎቹ ከሞቱ ሁለተኛ ቀናቸው ነበር። ያዮ ጠርቶኝ አይቻቸዋለሁ። ምራቃቸው እየተዝረከረከ፣ እግራቸው እየተንቀጠቀጠ። ደብዳቤሽ ላይ "ምራቋ ይዝረከረካል" የሚለውን ሳነብ ምን እንደሆነ ገባኝ። ወደ ሻምበሉ ሄድኩ። "በርሜሎቹ ሰው ይጨርሳሉ" አልኩት። ጢሙን ይላጭ ነበር፤ ከመስተዋቱ ዞር አላለም።

"ፍየሎቹ በአባ ሰንጋ ነው የሞቱት። እንዲቀበሩ አዝዣለሁ። ስለ ጦሩ ንብረት ወሬ የሚያወራ ግን አብዮቱን እየወጋ ነው። አንተ ቤተሰብ አለህ?"

"እህት አለችኝ።"

"እንግዲያውስ ለእህትህ ስትል ሥራህን ሥራ" አለና መላጨቱን ቀጠለ።

ፍየሎቹ ግን አልተቀበሩም። አምስቱን የወጥ ቤቱ ሰዎች ገፈው ለተራ ወታደሮች አበሏቸው። በማግስቱ ወጣት ወታደሮች ሆዳቸውን ይዘው በየድንጋዩ ሥር ሲንፈራገጡ አየሁ። ሻምበሉ ከአሰብ የመጣለትን ቆርቆሮ ምግብ ይበላ ነበር። ያን ቀን ሁሉም ነገር ቀፈፈኝ፤ ከሁሉ የበለጠ የራሴ እጅ። ያን ሁሉ እያወቅኩ ተቀምጬ "ምናልባት ዝገት ይሆናል" ብዬ ጻፍኩልሽ። ደብዳቤው ቢያዝ ብዬ ነው። ፈርቼ ነው። ከዚህ ሌላ የምሰጥሽ ምክንያት የለኝም።

ከአንድ ሙሉ በርሜል ላይ ያለውን ጽሑፍ በካርቶን ገልብጬ ልኬልሻለሁ። ቋንቋውን አላውቀውም፤ ፊደል በፊደል እንደ ሥዕል ነው የሣልኩት። ለአዲስአለም ስጪው። ይገዙ በትርፍ ጎማው ውስጥ ደብቆ ያመጣዋል፤ አታመስግኚኝ፣ እሱን አመስግኚው።

በሻምበሉ እጅ የተሸጡት ከመቶ ይበልጣሉ። ሚሌ፣ ገዋኔ፣ ጭፍራ ድረስ ሄደዋል።

ከማሉዲን

አዋሽ፣ መጋቢት 10 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለከማሉዲን፣

ሰላም ላንተ።

ካርቶኑ ደረሰ። አዲስአለም እንዳነበበው ጭንቅላቱን ያዘ። "መርፌው እዚህ መደርደሪያዬ ላይ ነበር" አለ። "ስሙን ነግራችሁኝ ቢሆን ኖሮ…" ብሎ አልጨረሰውም። ሀምዳን መረመራት፤ ትድናለች፣ እጇ ግን አሁንም ብርጭቆ ስትይዝ ይንቀጠቀጣል።

ለቀበሌው ሊቀመንበር ሄድኩ። በርሜሎቹ ይሰብሰቡ አልኩት።

"ማን ነው መርዝ ነው ያለሽ?"

"የሞተችው ናታ!"

"ጦሩ ለእናት አገር ደሙን እያፈሰሰ አንቺ ስሙን ታጠፊያለሽ?" አለኝ። ደጁ ላይ ሁለት በርሜል ቆሟል፤ ውሃ ሲቀዱበት አየሁ።

ከዚያ ወዲያ ለማንም አላመለከትኩም። በጠራራ ፀሐይ ዶማ ይዤ ወጣሁ። መጀመሪያ የራሴን በርሜል ቀደድኩት። ቀጥሎ ወደ ወይዘሮ ባይሽ ደጅ ሄድኩ፤ የታንጉት በርሜል ያኔ እንደሞላችው ቆሟል። ወይዘሮ ባይሽ ዶማውን ከእጄ ወስደው እሳቸው መቱት። ክንዳቸው እንደ እንጨት የቀጠነ ነው፤ አራት ጊዜ መትተው ቀደዱት። ውሃው መንገዱ ላይ ሲፈስ ሴቶቹ ልጆቻቸውን አንጠልጥለው ሸሹ፣ ከዚያ አንድ በአንድ እየተመለሱ የየራሳቸውን ያሳዩኝ ጀመር። ዘጠኝ ያልኩህ አሥራ አራት ሆኖ ተገኘ።

የሕዝብ ንብረት አወደመች ተብዬ ታሠርኩ። በአሥረኛው ቀን የሊቀመንበሩ ሚስት አረፋ እየደፈቀች ክሊኒክ ገባች። አዲስአለም በመርፌው አዳናት። በዚያው ቀን ማታ በሩን ከፈቱልኝ፤ ይቅርታ ያለኝ ሰው ግን የለም። ሊቀመንበሩ ዓይኔን ሳያይ በጎን አለፈ።

ይቅር በይኝ ብለህ አልጻፍክም፤ ደግ አደረግክ። በእኔና በልጄ በኩል ያለውን ለአሏህ ብዬ ትቼዋለሁ። የታንጉት ግን የእኔ አይደለም። እናቷ ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል። በርሜሉን ማን እንደላከ ያውቃሉ፤ ምን እንደነበረበት እያወቀ ዝም ያለ ሰው እንዳለ ግን አያውቁም። እኔ አልነግራቸውም። አንተ መጥተህ በአፍህ ንገራቸው።

ኡምሰልማ

ሰመራ፣ መጋቢት 24 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለእትዬ ኡምሰልማ፣

የሦስት ቀን ፈቃድ አገኘሁ፤ እህቴ ታማለች ብዬ ዋሽቼ። ዓርብ ከይገዙ ጋር እደርሳለሁ። ለወይዘሮ ባይሽ ምን እንደምል መንገዱን ሁሉ አስባለሁ። ሳልናገር ከተመለስኩ ሁለተኛ በርሽን አትክፈቺልኝ።

ከማሉዲን

አዋሽ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለከማሉዲን፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላህ። በሰላም እንደገባህ ይገዙ ነገረኝ።

እዚህ በነበርክበት ጊዜ ያልነገርኩህን አሁን እጽፍልሃለሁ። ያን ቀን እኔ ከአጥሩ ወዲህ ነበርኩ፤ ሁሉንም ሰምቻለሁ። መሬት ላይ ተቀምጠህ ከሥዕሉ ጀምረህ እስከ ፍየሎቹ፣ እስከ "ዝገት" ድረስ አንዱንም ሳታስቀር ነገርካቸው። ወይዘሮ ባይሽ አላለቀሱም፣ አልረገሙህም። "ከሩቅ መንገድ ነው የመጣኸው" አሉና ተነሥተው በጣሳ ውሃ ሰጡህ። አንተም ጠጣህ። እንደ ይቅርታ ቆጥረኸው ተደስተህ መጣህ፤ ፊትህ ላይ አየሁት።

አንተ ከሄድክ በኋላ ቡና ላደርስላቸው ሄድኩ።

"ይቅር አሉት ወይ?" አልኳቸው።

ሲኒውን ተቀበሉኝ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፣ ቃል በቃል ነው የምጽፍልህ፦

"ወንድምሽ እውነቱን ነግሮኛል፣ እግዜር ይስጠው። ውሃውን ስሰጠው ግን መጀመሪያ ወደ ጣሳው ውስጥ አየ። አሸተተው። ከዚያ ነው የጠጣው። ልጄ አላየችም፣ ኡምሰልማ። የጎረቤት ስጦታ ነው ብላ ሳታይ ነው የጠጣችው።"

 ይህን የምነግርህ ልጎዳህ ብዬ አይደለም። ጉዳዩ እዚህ ደጅ ላይ አልቋል ብለህ እንዳትተኛ ነው። ሚሌ ላይ፣ ገዋኔ ላይ፣ ጭፍራ ላይ በርሜሎች እንዳሉ ራስህ ጽፈህልኛል፤ ማን እንደገዛቸው የሚያውቁት ሹፌሮቹና አንተ ናችሁ። ሻምበሉ እንደማይነግራቸው እኔም አንተም እናውቃለን። እንደምትፈራ አውቃለሁ። እኔም ዶማውን ሳነሳ እፈራ ነበር።

ከይገዙ ጋር ተነጋግሬአለሁ፤ በየቆመበት ያወርድሃል። ሂድ፣ በየደጁ ንገራቸው። እንግዳ ነውና ውሃ ይሰጡሃል። ያን ጊዜ ወደ ጣሳው አትመልከት።

እህትህ ኡምሰልማ